መብራት ሲጠፋም ማግኔቱ አይጠፋም፦ ስለ ኤምአርአይ ክፍል ሠራተኞች ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በኃይለኛ ማግኔት የሚያነሳ የምርመራ ማሽን) ክፍል እየገቡ እየወጡ ምንም ሥልጠና ስላላገኙ ሠራተኞች

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ከቃሊቲ አለፍ ብሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው በኩል ካሉት የግል የምርመራ ማዕከላት በአንዱ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለራሴ ሰግቼ አይደለም። እኔ ስለ ማግኔቱ ተምሬ ነው የተቀጠርኩት፤ ኪሴን ሳልፈትሽ ከዚያ በር አላልፍም። የምጽፈው እኔ ሥራ ጨርሼ የታክሲ ሰልፍ ስይዝ እዚያ ክፍል ስለሚገቡት ሰዎች ነው፦ ወለሉን ስለምትወለውለው፣ በሩን ስለሚጠብቀው፣ የኦክሲጅን ሲሊንደር እየገፋ ስለሚያመላልሰው፣ ኤሲ ሊጠግን ወይም አምፖል ሊቀይር ስለተጠራው። ለማዕከሉ ፈቃድ ሲወጣ የእኔ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። የእነሱ ስም የትም የለም።

እነዚህ ሰዎች አይፈሩም ብላችሁ አታስቡ። ከእኔ ይልቅ ይፈራሉ፤ የሚፈሩት ግን የሌለውን ነው። «ጨረር» ይላሉ። ራጅና ሲቲ ስካን ክፍል በር ላይ ያለውን ቢጫ ምልክት ስለለመዱት ኤምአርአይም ያው ይመስላቸዋል፤ ማሽኑ ደግሞ ከሁሉም ትልቅ ስለሆነ ጨረሩም የባሰ ነው ብለው ይደመድማሉ። አንድ ወጣት የጥበቃ ባልደረባችን «እዚህ ቤት ከከረምክ ልጅ አትወልድም» ተብሎ ተመክሮ ሌላ ሥራ ሲያፈላልግ ነበር። አንዲት የጽዳት ባልደረባችን ደግሞ ማርገዟን ስታውቅ ሥራዋን እንዳታጣ ብላ ደበቀች። ማታ ማታ ክፍሉን ለመወልወል ስትገባ ነጠላዋን እጥፍ አድርጋ ሆዷ ላይ ታስር ነበር። ያን ሁሉ ጥንቃቄ እያደረገች በሌላው እጇ የያዘችው የቆርቆሮ ባልዲ ነው፤ ከበሩ መልሶ በፕላስቲክ ያስቀየራት ተረኛው ቴክኖሎጂስት እንጂ የተጻፈ መመሪያ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነገሩን በግልጽ ልናገር። ኤምአርአይ የራጅና የሲቲ ዓይነት ጨረር የለውም። የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ለራጅ ሠራተኛ የሚሰጠው ጨረር የሚለካ የደረት ባጅ እዚህ ክፍል ውስጥ ቢንጠለጠል የሚመዘግበው ነገር የለም፤ የእርሳስ ሽርጡም ከማግኔት አያድንም። እርግዝናን በተመለከተ የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ መመሪያ ነፍሰ ጡር ሠራተኞች በየትኛውም የእርግዝና ወር በኤምአርአይ አካባቢ መሥራት እንደሚችሉ ይናገራል፤ የሚመክረው ምርመራው እየተካሄደ ባለበት ሰዓት ማሽኑ ካለበት ክፍል ውስጥ እንዳይቆዩ ብቻ ነው። ይህን ለዚያች ልጅ ለመንገር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪቀርብ ያልቃል።

እኛ ባለሙያዎቹ የሚሰማን ነገር የለም ማለት አይደለም። ማሽኑ አፍ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላትን ቶሎ ማዞር ያዞራል፤ አንዳንዱ አፉ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይሰማዋል። በሆላንድ በኤምአርአይ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ መዝግቧል፤ ከማግኔቱ ራቅ ሲሉ የሚያልፍ ነገር ነው። ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ስለሚበልጥ የጆሮ መከላከያ የግድ ነው። ይኸው ነው፤ ስለ እኛ ከዚህ በላይ ወረቀት አልፈጅም።

አደጋው ያለው ብረት ላይ ነው። 1.5 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) የሚባለው የተለመደው ማሽን ከምድር ማግኔት 30,000 ጊዜ ገደማ ይበረታል፤ 3 ቴስላው ደግሞ የዚያ እጥፍ ነው። ክፋቱ አስቀድሞ አለማስጠንቀቁ ነው። በሩ ላይ ቆማችሁ መፍቻ ብትይዙ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ጥቂት እርምጃ ስትጨምሩ ግን እንደ መሳብ ይልና፣ «ምንድን ነው?» ብላችሁ ሳትጨርሱ መፍቻው ከእጃችሁ ተመንጭቆ ይሄዳል። በመካከል የቆመ ሰው ካለ እሱን ይዞ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ፤ የሌላ አገር መመሪያ ብዙም የማያነሳው ነገር አለና። እኛ ጋ መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ ያ የማያቋርጥ የቺለር (የማሽኑ ማቀዝቀዣ) እና የፓምፕ ጩኸት ጸጥ ይላል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ኤሲው ይቆማል። የማንም ሰው አእምሮ የሚነግረው «ማሽኑ ጠፍቷል» ብሎ ነው። ማግኔቱ ግን አልጠፋም። ገና ሲተከል ሽቦው ውስጥ የተሞላው ኤሌክትሪክ፣ ሽቦው በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ እስከቀዘቀዘ ድረስ ያለ ምንም ሶኬት ይዞራል፤ ሌሊትም፣ እሁድም፣ በዓልም። መብራት ሲጠፋ የሚቆመው ማቀዝቀዣው ነው፤ ሂሊየሙም ቀስ በቀስ መትነን ይጀምራል። ስለዚህ ሰው ያለ ስጋት የሚገባበት ሰዓትና ማንም በደንብ የማያይበት ሰዓት አንድ ላይ ይገጥማሉ።

አንድ ምሽት እንዲሁ ሆነ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም አልነሳ ሲል የተጠራው ኤሌክትሪሺያን የመሣሪያ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ ወገቡ ላይ ፒንሳውን እንደሻጠ፣ በስልክ መብራት እየታገዘ ቀጥታ ወደ ኤምአርአይ ክፍል አመራ። «መብራት የለም አይደል እንዴ፣ በዚሁ የኤሲዋንም ጣጣ ልጨርሳት» አለ። ጥበቃው ቁልፍ አውጥቶ ከፈተለት። ለምን አይከፍትለት? የተሰጠው ትእዛዝ «ታካሚ ያልሆነ ሰው ማሽኑ እየሠራ እንዳይገባ» የሚል ነበር፤ እሱ እስከሚያውቀው ማሽኑ አይሠራም። ከኮሪደሩ ማዶ የነበረች ሲስተር ባትጮህ ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ አጻጻፍ ታነቡት ነበር። በማግስቱ ማንም ምንም አልመዘገበም። «ምንም አልተፈጠረም» ተባለ።

ሌላ አገር የተፈጠረውን ግን እናውቃለን። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥቀስ። በ2001 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የ6 ዓመት ሕፃን ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክሲጅን ሲሊንደር ተስቦ ጭንቅላቱን መታው፤ ሞተ። በ2014 ሙምባይ አጠገብ ሁለት ሠራተኞች በሲሊንደርና በማሽኑ መካከል ተጣብቀው አራት ሰዓት ያህል ቆዩ። በ2018 እዚያው ሙምባይ ዘመዱን ሊያስመረምር የሄደ የ32 ዓመት ወጣት ሲሊንደር ይዞ ገብቶ ሞተ፤ ቤተሰቦቹ እንደተናገሩት «ማሽኑ ጠፍቷል» ተብሎ ነበር የገባው። በ2021 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ ታካሚ በዚሁ ዓይነት ሞተ። በአራቱም ቦታ የገባው ብረት አንድ ነው። እኛ ጋ ያ ሲሊንደር ከኤምአርአይ በር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ኮሪደር ላይ፣ በሰንሰለት ግድግዳ ላይ ታስሮ ቆሟል።

ብረቱ ሲሊንደር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ዕዳ ነበር። በ2025 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የ61 ዓመት ሰው ሚስቱን ከማሽኑ አልጋ ለማንሳት ሲገባ አንገቱ ላይ የነበረው ትልቅ የስፖርት ሰንሰለት ጎትቶት ሞቷል። እኛ ጋ ደግሞ ታካሚን ብቻውን ልቀቁት ማለት ጭካኔ ተደርጎ ይቆጠራል። ከገጠር የመጣች እናት ሁለት ወንድ ልጅ፣ አንድ ወንድም ደግፈዋት ነው የምትገባው። አንዱ ኪስ ውስጥ ቁልፍ፣ አንዱ ወገብ ላይ ሰንጢ፣ አንዱ እጅ ላይ ብረት የተመታበት ዱላ አለ። እነሱን በር ላይ የሚያስቆማቸው ደግሞ ታካሚ የሚያመላልሰው ልጅ ነው፤ ያ ራሱ ያልተነገረው ልጅ።

መሣሪያ ስለታጠቁትም ልጨምር። በ2000 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የአንድ ፖሊስ ሽጉጥ በማግኔቱ ተስቦ ማሽኑ ላይ ተጣብቆ ተኩሷል፤ ሰው አልተጎዳም። በ2023 ብራዚል ውስጥ እናቱን ያጀበ ሰው የደበቀው ሽጉጥ ተኩሶ ገድሎታል። እኛ ጋ እስረኛ ታካሚ በፖሊስ ታጅቦ ይመጣል፤ አጃቢው እስረኛውን ከዓይኑ ማራቅ አይፈቀድለትም፣ ክላሹንም ማስቀመጥ አይፈቀድለትም። ሁለቱም ትእዛዝ ትክክል ነው። በኤምአርአይ በር ላይ ግን ሁለቱን ትእዛዝ ማን እንደሚያስታርቅ የተጻፈ ነገር የለም፤ ተረኛው ቴክኖሎጂስት በልመና ነው የሚጨርሰው።

ከሌሊት ጥበቃዎቻችን አንዱ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጭናቸው ውስጥ ፍንጣሪ አለ፤ ክረምት ሲገባ ያነክሳሉ። ታካሚ የሚሞላው ቅጽ «በሰውነትዎ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሼን ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ ታካሚ አይደሉማ! ከጦርነት የተመለሰ ሰው በጥበቃነት የሚቀጠርበት አገር ውስጥ ነን፤ ይህ የእሳቸው ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍንጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ የክላሽ ጥይትም እምብርቱ ብረት የሆነው ብዙ ነው። እንዲሁም ብየዳ ሲሠራ ኖሮ ወደ ጽዳት ወይም ወደ ጥበቃ የገባ ሰው ዓይኑ ውስጥ የማያውቀው የብረት ብናኝ ሊኖር ይችላል። በ1986 የታተመ አንድ የሕክምና ሪፖርት የቀድሞ ቆርቆሮ ሠራተኛ የነበረ ታካሚ ኤምአርአይ ከተነሳ በኋላ በዚሁ ምክንያት አንድ ዓይኑ እንደታወረ ይገልጻል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመላትን የጽዳት ሠራተኛ ማን ይለያታል? ቅጹ አለ፤ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የሚጎድለው ለሠራተኛም መስጠት ብቻ ነው።

ስለ ኩዌንች ደግሞ ሰፋ አድርጌ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ቀይ ቁልፎች አሉ። አንደኛው ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፤ ማግኔቱን አይነካውም። ሁለተኛው ሂሊየሙን በአንድ ጊዜ አትንኖ ማግኔቱን ያጠፋል፤ ኩዌንች የምንለው እሱ ነው። ሰው ከማሽኑ ጋር ተጣብቆ ሲጮህ የሚጠቅመው ሁለተኛው ብቻ ነው። ባልዲ ብቻ ከተጣበቀ ግን ሁለተኛው አይነካም፤ ባለሙያ ይጠራል። ይህን ልዩነት የሚያውቁት ሌሊት እዚያ የሌሉት ሰዎች ናቸው። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ከማሽኑ ጋር የመጣ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛም ኦሮምኛም የለበትም። ከጽዳት ባልደረቦቻችን ብዙዎቹ ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው።

ሠራተኛው ስለዚያ ቁልፍ የተነገረው አንድ ነገር ቢኖር «የነካው ሰው ከደመወዙ ይቆረጥበታል» የሚል ነው። በጽሑፍ አይደለም፣ በቃል። የአሠሪዎቻችን ጭንቀት አይገባኝም አልልም፤ ሂሊየም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነገር ነው፣ መሙላቱ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ማሽኑም እስኪነሳ ሥራ ፈቶ ይቆማል። ግን የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ለስንት ዘመን ቢቆረጥ ነው አንድ ማግኔት ሂሊየም የሚሞላው? ማስፈራሪያው ገንዘቡን አያስመልስም። የሚያመጣው ሰው ተጣብቆ እያዩ እጅን ማጠፍ ብቻ ነው።

ኩዌንች ራሱም ያለ ጣጣ አይደለም። የተለመደው ማሽን ከ1,000 ሊትር በላይ ፈሳሽ ሂሊየም ይይዛል፤ አንዱ ሊትር ሲተን ከ700 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ያ ሁሉ ጋዝ በቧንቧ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ቧንቧው ከተዘጋ ወይም ከተሰነጠቀ ጋዙ ክፍሉ ውስጥ ይሞላል፣ ኦክሲጅኑን ያስወጣል፤ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ግፊቱ አላስከፍት ሊል ይችላል። ከ2018 ወዲህ 7 ሊትር ሂሊየም ብቻ ታሽጎባቸው ያለ ቧንቧ የሚሠሩ ማሽኖች ወጥተዋል። የእኛው ግን ከቀድሞዎቹ ነው።

የእኛ ቧንቧ የሚወጣው በሕንፃው ጀርባ ነው። ሲተከል እዚያ ባዶ መሬት ነበር። ከተማችን ዳር ዳሩን እንዴት እየሰፋ እንደሆነ እናንተም ታያላችሁ፤ ዛሬ ከጎኑ ፎቅ እየወጣ ነው፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫው የቧንቧው አፍ አጠገብ ደርሷል። ከሥሩ ደግሞ ለግንበኞቹ ሻይና ቡና የምታፈላ ሴት ላስቲኳን ወጥራለች። የቧንቧው አፍ ላይ የነበረው ወንፊት በአንድ በኩል ተገንጥሏል፤ እርግብ ሲገባበት አይቻለሁ። እርግብ የገባበት ቦታ ጎጆ ይሠራል፣ ጎጆ ያለበት ቧንቧ ደግሞ ተዘጋ ማለት ነው። ለአስተዳደር አመለከትኩ። አስተዳደር ለማሽኑ ጠጋኞች አስተላለፈ፤ እነሱ «ከማሽኑ ውጭ ያለው የሕንፃው ነው» አሉ። የሕንፃው አከራይ «እኔ ቧንቧ አልተከልኩም» አሉ። ወንፊቱ እስካሁን እንደተገነጠለ ነው። ጎረቤቱ ሲገነባ ፈቃድ የሰጠው ክፍል ያ ቧንቧ ምን እንደሆነ እንዳላወቀ ግን እወራረዳለሁ።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ሕግ የለም አልልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ ሥራው ስላለበት አደጋ እንዲያሳውቅና እንዲያሠለጥን ያስገድዳል። አንቀጹ «ለባለሙያ ብቻ» አይልም። የሕክምና መሣሪያዎች ቁጥጥር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። በሁለቱ መካከል የወደቀው ያ በር ነው፦ መሣሪያውን የሚያየው ሠራተኛውን አያይም፣ ሠራተኛውን የሚያየው ማግኔቱን አያውቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ፈቃድ ሲሰጥም ሲታደስም ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው የእኔን ማስረጃ ብቻ አይሁን፤ የኤምአርአይ ክፍል ቁልፍ የሚይዝ፣ ክፍሉን የሚያጸዳ፣ ታካሚና ሲሊንደር የሚያመላልስ ሰው ሁሉ ስሙ ተጽፎ፣ የታካሚውን ቅጽ ሞልቶ፣ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት መፈረሙ ይታይ። ከኤጀንሲ የሚመጡት በተለይ፤ የጽዳት ውል በተለወጠ ቁጥር አዲስ ፊት ነው የምናየው፣ የነገርነውም አብሮ ይሄዳል። የብረት ሲሊንደር ኤምአርአይ ካለበት ኮሪደር ይውጣ፤ ኦክሲጅን በግድግዳ መስመር ይግባ፣ ካልተቻለም የአሉሚኒየም ሲሊንደር ይገዛና በቀለም ይለይ። ባልዲው፣ መወልወያው፣ መሰላሉ የዚያ ክፍል ብቻ የሆነ የፕላስቲክና የአሉሚኒየም ይሁን፤ ይህ መርካቶ ወርዶ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የሂሊየም ቧንቧው በየዓመቱ እስከ አፉ ይፈተሽ፣ ያለበትም ቦታ ለወረዳው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይገለጽ። ሰው ለማዳን ኩዌንች የተጫነ ሠራተኛ አንድ ሳንቲም እንደማይቆረጥበት በደብዳቤ ይውጣ፣ ደብዳቤውም ከቁልፉ ሥር ይለጠፍ። ታጣቂ አጃቢ በሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከፖሊስ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑልን። ለጥቂት የተረፍንበት ነገር ሁሉ የሚመዘገብበት፣ የጻፈው ሰው የማይጠየቅበት አንድ መዝገብም ይኑር።

«ለዚህ ሁሉ በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። ከጠየቅኩት ውስጥ ገንዘብ የሚፈልገው የኦክሲጅን መስመሩ ነው፤ እሱም ማሽኑ ከተገዛበት ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። የቀረው ወረቀት፣ ባልዲና የአንድ ከሰዓት በኋላ ንግግር ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን ቁጥጥር ልትልኩ ካሰባችሁ አንድ ልመና አለኝ፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አትምጡ። ጠዋት ኃላፊው አለ፣ እኔም አለሁ፣ ባልዲውም ፕላስቲክ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ኑ፤ ከተቻለም መብራት በጠፋበት ቀን። ጥበቃውን ጠርታችሁ «አሁን ማሽኑ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም?» ብላችሁ ጠይቁት። ሪፖርታችሁን የሚሰጠውን መልስ ሰምታችሁ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት
አዲስ አበባ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ መውጫ

ግልባጭ፦
ኤምአርአይ ላላቸው የሕክምናና የምርመራ ማዕከላት ባለቤቶች
የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኛ ለሚያቀርቡ ኤጀንሲዎች